በጠባብ ግቢ ሩቅ ድምፅ መስማት፦ ለዝቅተኛ ባንዶች የአማተር ራዲዮ መቀበያ አንቴና አመራረጥ

በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ጣቢያ በትንሽ የእጅ ራዲዮ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። የተናጋሪው ድምፅ በጫጫታ ሲዋጥ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ አይፈይድም፤ ጫጫታውም አብሮ ከፍ ይላልና። የሚፈይደው ራዲዮውን በተቀመጠበት ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። በአንዱ አቅጣጫ ላይ ጫጫታው ይቀንስና የተናጋሪው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ጣቢያው ኃይሉን አልጨመረም፤ አድማጩም አዲስ መሣሪያ አልገዛም። ለውጡ የመጣው በራዲዮው ውስጥ ያለው የፌራይት ዘንግ ጫጫታው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ጆሮውን ስለደፈነ ነው።

ለዝቅተኛ የራዲዮ ባንዶች የመቀበያ አንቴና የሚመርጥ አማተርም የሚመራው በዚሁ መርህ ነው። ዋናው ጥያቄ «ብዙ ሲግናል የሚሰበስበው አንቴና የትኛው ነው?» የሚል አይደለም። «ጫጫታው የሚመጣው ከየት ነው? ወደዚያ አቅጣጫ የማይሰማና በግቢዬ የሚበቃ አንቴናስ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ፣ ጠባብ ቦታ ያለው ሰው ከሚያስበው በላይ ምርጫ አለው።

ዝቅተኛ ባንዶች የትኞቹ ናቸው?

አማተር ራዲዮ ፈቃድ ያላቸው ግለሰቦች ያለ ንግድ ዓላማ በአየር ሞገድ የሚገናኙበትና ሙያውን የሚማሩበት አገልግሎት ነው። በዘርፉ ዝቅተኛ የሚባሉት የ160፣ የ80 እና የ40 ሜትር ባንዶች ናቸው። አፍሪካንና አውሮፓን በሚያጠቃልለው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቀጣና 1 ውስጥ እነዚህ ባንዶች በቅደም ተከተል ከ1,810 እስከ 1,850፣ ከ3,500 እስከ 3,800 እንዲሁም ከ7,000 እስከ 7,200 ኪሎኸርዝ ያለውን ክልል ይይዛሉ። ዝርዝር አጠቃቀሙ ከሀገር ሀገር ይለያያል።

ቀን ቀን የታችኛው የአዮኖስፌር ንብርብር እነዚህን ሞገዶች ስለሚውጣቸው የሚሰሙት በአብዛኛው የቅርብ ጣቢያዎች ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይሳሳል፤ ሞገዱም ወደ ላይኛው ንብርብር ዘልቆና ከዚያ ተንጸባርቆ ወደ ሌሎች አህጉራት ይሻገራል። ስለዚህ የዝቅተኛ ባንዶች ሥራ የሌሊት ሥራ ነው። በተለይ የ160 ሜትር ባንድ ብዙውን ጊዜ ለሩቅ ግንኙነት የሚመቸው በማታና በንጋት ድንግዝግዝ ወቅት ነው።

ችግሩ የሞገዱ ርዝመት ነው። በ160 ሜትር ባንድ ላይ የግማሽ ሞገድ ሽቦ አንቴና ወደ 80 ሜትር ይረዝማል፤ በዝቅተኛ ማዕዘን ወደ ሩቅ አገር እንዲመለከትም ያንኑ ያህል ከመሬት ከፍ ማለት ይኖርበታል። ይህ በከተማ ግቢ የሚታሰብ አይደለም። ብዙዎች አንድ ቀጥ ያለ የማሰራጫ አንቴና በሆነ መንገድ ተክለው ድምፃቸውን ያሰማሉ። ይሁን እንጂ ይኸው አንቴና ከሁሉም የአግድም አቅጣጫዎች እኩል ስለሚቀበል ከጥሪው ጋር የከተማውን ጫጫታ በሙሉ ይሰበስባል። ውጤቱም ሌሎች የሚሰሙት፣ እሱ ግን የማይሰማቸው ጣቢያ ይሆናል።

ይህ በአፍሪካ ቀንድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከአካባቢው በአየር ላይ የሚወጡ የአማተር ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከእንዲህ ያለ አካባቢ አንድ ጣቢያ ሲጠራ ከየአህጉሩ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። መልሱን መስማት ካልተቻለ ግን ጥሪው ከንቱ ይቀራል።

አነስተኛ አንቴና ለምን ይበቃል?

ከፍ ባሉ ባንዶች ላይ አንቴናው ደካማ ከሆነ የተቀባዩ መሣሪያ የራሱ ጫጫታ ሲግናሉን ይሸፍነዋል። በዝቅተኛ ባንዶች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የስሌት ቀመር መሠረት በ1.8 ሜጋኸርዝ ላይ ሰው ሠራሽ ጫጫታ በከተማ ከመነሻው የሙቀት ጫጫታ በ70 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል፤ ይህም አሥር ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። በመኖሪያ ሠፈር ወደ 65፣ በገጠር ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል ይሆናል። አንድ ደህና ተቀባይ መሣሪያ በራሱ የሚጨምረው ጫጫታ ግን ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ቢሆን ነው።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ቀላል ነው። አንድ አነስተኛ አንቴና ሲግናልንም ጫጫታንም በ30 ዴሲቤል ቢቀንስ እንኳ፣ ከውጭ የሚገባው የከተማ ጫጫታ አሁንም ከመሣሪያው ጫጫታ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ አንቴናው «ደካማ» መሆኑ ምንም አላጎደለም። የሚያጎድለው ከሚፈለገው አቅጣጫ ይልቅ ከማይፈለገው አቅጣጫ አብልጦ መቀበሉ ነው።

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት አንቴናው በሚፈለገው አቅጣጫና ማዕዘን ያለውን የመቀበል አቅም፣ ከሁሉም አቅጣጫ ካለው አማካይ አቅሙ ጋር በማነጻጸር ነው። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ሲግናሉ ከጫጫታው ላይ ጎልቶ ይወጣል። በሞዴል ስሌት አንድ አጭር ቀጥ ያለ አንቴና 5 ዴሲቤል ገደማ፣ ከታች የሚገለጹት ባለ ሬዚስተር ሉፖች 7.4 ገደማ፣ በርዝመቱ አንድ ሙሉ ሞገድ የሆነ የቤቨሬጅ አንቴና ደግሞ ከ10 እስከ 11 ዴሲቤል ያገኛሉ። የ2 ወይም የ3 ዴሲቤል ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። የጥሪ ምልክቱ ግማሹ ብቻ ለሚሰማው አድማጭ ግን የቀረውን ግማሽ የሚሰጠው ይኸው ልዩነት ነው።

ከ1921 የተገኘ ትምህርት

ይህ እውቀት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ቤቨሬጅ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ ለተዘረጋ ረጅም የመቀበያ ሽቦ በ1921 የፈጠራ መብት አገኘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአሜሪካ አማተሮች አትላንቲክን በአጭር ሞገድ መሻገር ይቻል እንደሆነ ለመፈተን ፖል ጎድሊ የተባለ ባለሙያ ወደ ስኮትላንድ ላኩ። ጎድሊ አርድሮሳን በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ 400 ሜትር ያህል የሚረዝም የቤቨሬጅ ሽቦ ዘረጋ። በዚያ ብርድና ዝናብ ውስጥ ከሃያ በላይ የአሜሪካ አማተር ጣቢያዎችን ሰማ።

የቤቨሬጅ አንቴና እስከ ዛሬ ድረስ በዝቅተኛ ባንዶች የመቀበያ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። አሠራሩም ርካሽ ነው፤ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተወጠረ ሽቦና በጫፉ የሚገባ ከ400 እስከ 500 ኦም የሚሆን ሬዚስተር ይበቃዋል። የሚጠይቀው ዋና ነገር መሬት ነው። ለ160 ሜትር ባንድ ቢያንስ 150 ሜትር ያህል ቀጥታ መስመር ያስፈልገዋል። እርሻ ወይም ሰፊ የትምህርት ቤት ግቢ ያለው ሰው ሌላ ከመፈለጉ በፊት ይህን ይሞክር። ሌሎቻችን ወደ ትናንሾቹ እናልፋለን።

መጀመሪያ ጫጫታውን መለየት

አንቴና ከመሥራት በፊት ጫጫታው የቅርብ ይሁን የሩቅ መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና።

የመጀመሪያው ፈተና እኩለ ቀን ላይ ማዳመጥ ነው። በዚህ ሰዓት የ160 ሜትር ባንድ ወደ ሩቅ አገር ስለሚዘጋ፣ በአካባቢው ዝናብና መብረቅ ከሌለ በስተቀር የሚሰማው ጫጫታ በሙሉ ማለት ይቻላል የቅርብ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እየጨመረ የሚመጣውና ሥርዓት የሌለው የመፈነጣጠር ድምፅ በአንጻሩ በሩቅ አገር ከሚወርድ መብረቅ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ፈተና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ያለ ወጪ የሚገኝ ነው። መብራት ሲጠፋ ራዲዮውን በባትሪ ከፍቶ ማዳመጥ ይቻላል። ሠፈሩ ሲጨልም ጫጫታው አብሮ ከጠፋ ምንጩ በሠፈሩ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው ማለት ነው። መብራት ባልጠፋበት ጊዜ ደግሞ የራስን ቤት ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ አውርዶ ማዳመጥ ምንጩ ከቤት ይሁን ከጎረቤት ይለያል። ተደጋጋሚዎቹ ጥፋተኞች የስልክ ቻርጀሮች፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ኃይል መለወጫዎች እንዲሁም የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተሮች ናቸው። ትንሽ የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ይዞ ቤቱን መዞር ብዙ ጊዜ ምንጩን በቀጥታ ያሳያል።

የራስን ቻርጀር መንቀል ወይም መለወጥ ከማንኛውም አንቴና የበለጠ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። አንቴና የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ለቀረው ጫጫታ ነው።

ለጠባብ ቦታ የሚሆኑ አራት አንቴናዎች

*ትንሹ ተሽከርካሪ ሉፕ።* ዲያሜትሩ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ቀለበት ነው፤ በረንዳ ላይ ወይም በጣሪያ ጠርዝ ይቆማል። ቀለበቱ ከሚተኛበት መስመር በሁለቱም ጫፍ በኩል ይሰማል፤ ከፊትና ከኋላ ገጹ በኩል ግን ይደነቁራል። ከአንድ የታወቀ ጎረቤት የሚመጣን ጫጫታ በእጅ አዙሮ ለመድፈን ከዚህ የሚሻል የለም። ከሰማይ ተንጸባርቆ ከፍ ባለ ማዕዘን በሚመጣ ሞገድ ላይ ግን የመድፈን አቅሙ ይዳከማል፤ ስለዚህ ለሩቅ መብረቅ ያለው ጥቅም ውሱን ነው። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውና ብቸኛው ምርጫ ይኸው ነው።

*መሬት ላይ የሚዘረጋ ሉፕ።* እያንዳንዱ ጎኑ 4.5 ሜትር ገደማ የሆነ የተሸፈነ ሽቦ በካሬ ቅርጽ ሣር ላይ ይዘረጋል። ምሰሶ አያስፈልገውም፤ ለዓይንም አይታይም። ከመሬት ጋር ስለተጣበቀ ብዙ የቅርብ ጫጫታ ያልፈዋል። በ80 እና በ40 ሜትር ጥሩ ይሠራል፤ በ160 ሜትር ግን የሚሰጠው ሲግናል በጣም ስለሚያንስ ማጉያ ሊያስፈልገው ይችላል።

*ባለ አንድ ምሰሶ ሉፕ (ኬ9ኤዋይ)።* አሜሪካዊው ጋሪ ብሪድ በ1997 በኪውኤስቲ መጽሔት ያስተዋወቀውና በጥሪ ምልክቱ የሚጠራው ንድፍ ነው። 7.5 ሜትር ገደማ ከሚረዝም አንድ ምሰሶ ጫፍ ላይ 26 ሜትር ያህል ሽቦ በሁለት ወገን ወርዶ 9 ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ይሠራል። ከምሰሶው ሥር የመሬት ዘንግ፣ ሬዚስተርና 9 ለ1 የሆነ የኢምፒዳንስ ማዛመጃ ትራንስፎርመር ይገባሉ። የመቀበያ ቅርጹ የልብ ቅርጽ ነው፤ በአንድ ወገን ሰፊ ሆኖ ይሰማል፣ በተቃራኒው ይደነቁራል። ሁለት ቀለበቶችን በመስቀል ቅርጽ አድርጎ በሪሌይ የሚቀያይር ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ አራት አቅጣጫዎችን ያገኛል።

*ባንዲራ (ፍላግ)።* ቁመቱ 4.3፣ ርዝመቱ 8.8 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን የሽቦ ቀለበት ሲሆን በሁለት ምሰሶዎች መካከል ይወጠራል። በአንዱ ቋሚ ጎን 950 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር፣ በሌላው ትራንስፎርመርና ወደ ራዲዮው የሚሄደው ገመድ ይገጠማሉ። የመቀበያ ቅርጹ ከኬ9ኤዋይ ጋር ይመሳሰላል። ልዩ ጥቅሙ የመሬት ዘንግ አለመፈለጉ ነው፤ ስለዚህ ድንጋያማ ወይም ደረቅ መሬት ላለው ይመቻል። በአንጻሩ የሚሰጠው ሲግናል አነስተኛ በመሆኑ በ160 ሜትር ላይ ጥሩ ማጉያ ሊጠይቅ ይችላል።

አንድ የተለመደ ስህተት እዚህ ላይ መጠቆም አለበት። የቤቨሬጅ አንቴና የሚሰማው ሬዚስተሩ ባለበት ጫፍ አቅጣጫ ነው። ባንዲራው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚሰማው ገመዱ በሚገጠምበት ጎን በኩል ሲሆን ሬዚስተሩ የሚውለው በሚደነቁርበት ወገን ነው። ይህን የሳተ ሰው ትክክለኛውን አንቴና ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይተክላል።

ከአዲስ አበባ ሲታይ፦ ፊትን ወደ ሰሜን

አንቴናው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚበቃው ቦታ ካለ፣ ያ አቅጣጫ የትኛው ይሁን? ለአዲስ አበባ መልሱን ጂኦግራፊ ይሰጣል።

በምድር ሉል ላይ በአጭሩ መንገድ ሲለካ ከአዲስ አበባ ለንደን በ331 ዲግሪ፣ ኒውዮርክ በ315 ዲግሪ፣ ሎስ አንጀለስ በ334 ዲግሪ፣ ቶኪዮ ደግሞ በ53 ዲግሪ አቅጣጫ ይገኛሉ። ብዙ አማተሮች ያሉባቸው አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካና ጃፓን ሁሉም ከቀጥታው ሰሜን ግራና ቀኝ ከ55 ዲግሪ በማይበልጥ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ ማለት ነው።

መብረቁስ? ከዓለም እጅግ መብረቅ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ የኮንጎ ተፋሰስ ሲሆን ምሥራቃዊ ክፍሉ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ዝቅተኛ ባንዶች ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጣም የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ደጋ በጋ ነው፤ የዝናቡ ቀበቶ ወርዶ ነጎድጓዱ በደቡባዊ ኮንጎ፣ በዛምቢያ፣ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር ላይ የሚበረታበት ወቅት ነው። እነዚህም በሙሉ በደቡብ ወገን ናቸው።

እንግዲህ የልብ ቅርጽ ያለው አንቴና ፊቱን ወደ ቀጥታው ሰሜን፣ ጀርባውን ወደ ደቡብ አድርጎ ቢተከል ሁለቱንም ይፈታል። በንድፈ ሐሳባዊው የልብ ቅርጽ ስሌት ከሰሜን በ53 ዲግሪ ፈቀቅ ባለች ቶኪዮ ላይ የሚታጣው 2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ኒውዮርክና ለንደን ከዚያ ያነሰ ያጣሉ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ግን 17 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በቀጥታው ደቡብ ከዚያም ይበልጣል። በተግባር ቅነሳው ከስሌቱ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ለባንዲራ አንቴና ይህ ማለት 9 ሜትር ያህል የሰሜን ደቡብ መስመር ፈልጎ ገመዱን በሰሜኑ፣ ሬዚስተሩን በደቡቡ ምሰሶ በኩል ማድረግ ነው።

ይህ መልስ ለሁሉም ከተማ አይሠራም። ጅቡቲ ላለ ሰው ስሌቱ ተቀራራቢ ነው። ናይሮቢ ላለ ሰው ግን በተለይ ሌሊት ነጎድጓድ የሚበዛበት የቪክቶሪያ ሐይቅ በምዕራብ በኩል ስለሚገኝ፣ አቅጣጫ የሚቀያየርበት ባለ ሁለት ቀለበት ኬ9ኤዋይ የበለጠ ይጠቅመዋል። መርሁ ግን አንድ ነው፤ በካርታ ላይ መጀመሪያ መብረቁን፣ ቀጥሎ ወዳጆችን ምልክት ማድረግ።

አሠራርና ጥንቃቄ

ለእነዚህ አንቴናዎች የሚያስፈልገው አብዛኛው ዕቃ በአቅራቢያ ይገኛል። ደረቅ የባሕር ዛፍ አጣና ጥሩ ምሰሶ ይሆናል፤ ከብረት በተለየ የአንቴናውን ቅርጽ አያዛባም። ወደ ራዲዮው ለሚሄደው መስመር ለሳተላይት ዲሽ የሚሸጠው ባለ 75 ኦም ገመድ ይበቃል። ትራንስፎርመሩ በፌራይት ቀለበት ላይ ሲጠመጠም ሁለቱ ጥምጥሞች እርስ በርስ የማይነካኩ መሆን አለባቸው። አለበለዚያ የገመዱ ውጫዊ ሽፋን ራሱ አንቴና ሆኖ የቤቱን ጫጫታ ይዞ ይመጣል። ገመዱን ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሞ ማሳለፍም ለዚሁ ይረዳል።

አንቴናው ከቤቱ፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከቆርቆሮ ጣሪያ በተቻለ መጠን መራቅ አለበት። ከማሰራጫው አንቴና መራቅም ያስፈልገዋል፤ ያ ትልቅ ሽቦ የሰበሰበውን ጫጫታ መልሶ ይረጫልና። በጠባብ ግቢ መራቅ ካልተቻለ፣ በማዳመጥ ጊዜ የማሰራጫውን አንቴና በሪሌይ ከመስመሩ መነጠል ይረዳል። በማሰራጨት ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው የመቀበያው መስመር መቋረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የተቀባዩ መግቢያ ሊቃጠል ይችላል።

ማጉያ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ባንዱ በጸጥታው ሰዓት ላይ ሳለ የአንቴናውን ገመድ ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ሲሰካ ጫጫታው ጎላ ብሎ ከጨመረ ማጉያ አያስፈልግም፤ ካልጨመረ ያስፈልጋል።

ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ አይተከልም። በክረምት ነጎድጓድ ሲቃረብ፣ እንዲሁም ራዲዮው በማይሠራበት ጊዜ ሁሉ ገመዱ ከቤት ውጭ ተነቅሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ለማሰራጨት የሀገሩ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መሣሪያ ከመግዛት ወይም ከውጭ ከማስገባት በፊትም መጠየቅ ይገባል።

ምርጫው በአጭሩ

በረንዳ ብቻ ላለው ትንሹ ተሽከርካሪ ሉፕ፤ ምሰሶ መትከል ለማይችልና ጥቂት ሣር ላለው መሬት ላይ የሚዘረጋው፤ 9 ሜትር የሰሜን ደቡብ መስመር ላለው ባንዲራ፤ 9 በ9 ሜትር ክፍት ቦታ ላለው ባለ ሁለት ቀለበት ኬ9ኤዋይ፤ ከ150 ሜትር በላይ መስመር ላለው የቤቨሬጅ ሽቦ ይስማማዋል። ከሁሉም በፊት ግን እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ፣ መብራት በጠፋ ምሽት ደግሞ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የትኛው አንቴና እንደሚሻል የሚነግረው በዚያን ጊዜ የሚሰማው ጫጫታ ነው።